የአራስ ቤት መቀርቀሪያ

የመጀመሪያ ልጇን ለወለደች ሴት ምን ይጠቅማታል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ። አጥሚቱም፣ ገንፎውም፣ ንጹሕ ጨርቁም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አራስ ያለ ገንፎ ልትሰነብት ትችላለች፤ በዘመድ ተከብባ ግን የሰነበተች አራስ እስካሁን አላየሁም። ይህን የተማርሁት እንጅባራ ላይ ከልጄ አማት ጋር በተዋጋሁ ጊዜ ነው። «ተዋጋሁ» ስል እያጋነንሁ አይደለም። የማጋንነው ሌላው ላይ ነው።

ነገሩ ከጅምሩ ጠማማ ነበር። በእኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ሴት ልጅ ሆዷ ሲገፋ ጓዟን ይዛ ወደ እናቷ ትመጣለች፤ እናቷ ታርሳታለች፤ ክርስትናው አልፎ ጉንጯ ሲሞላ ወደ ባሏ ትመለሳለች። እኔም ዳንግላ ላይ ሱቄን ዘግቼ፣ ጓዳዬን ኖራ ቀብቼ፣ አልጋ አንጥፌ፣ ዶሮ ሳደልብ ከርሜያለሁ። ዶሮዎቹ ከመወፈራቸው የተነሣ መጮህ ትተው ያዛጉ ነበር። የልጄ አማት ግን «መንገዱ ያንገላታታል፤ ጤና ጣቢያው እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ነው» ብለው አስቀሯት። እውነታቸውን ነው። በዚያ አፍንጫ ሥር እንኳን ጤና ጣቢያ የመናኸሪያው አውቶቡስ ሁሉ ይጠለላል።

ከዚያ የልጄ ባል ደወለ።

«እማማ፣ እልል በይ! ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው!»

«እልልልል! መቼ?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ትናንት? ወሬውን በኤሊ ነው የላካችሁት?»

«ኔትወርክ እኮ አልነበረም፣ እማማ።»

ኔትወርኩ ለአክስቶቹ፣ ለአክስቶቹ ጎረቤቶች፣ ቻግኒ ላለችው የክርስትና እናቱ ሁሉ ሠርቶ ነበር። ለእኔ ሲሆን ብቻ ታመመ። ሁለት ዶሮ፣ የአጥሚት ዱቄትና አንድ ቆርቆሮ ቅቤ ይዤ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ «እማማ፣ ዶሮዎቹ የሰው ወንበር ያዙ» ቢለኝ «እነሱ ወደ ድስት ነው የሚሄዱት፣ ተዋቸው፤ አንተ ብትሆን መቆም ትፈልጋለህ?» አልሁት። የዶሮዎቹን ሒሳብ ሳይጠይቅ በሩን ዘጋው። በዚያን ቀን ያሸነፍሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

እንጅባራ እንደ ልማዷ ጭጋግ ተከናንባ ጠበቀችኝ። ግቢው በር ላይ የልጄ አማት ቆመዋል።

«እንኳን ማርያም ማረቻችሁ!» አልሁ።

«እንኳን አብሮ ማረን። ኧረ ምነው በዚህ ዝናብ ተንገላቱ? እኛ እኮ አለንላት።»

«መኖራችሁን ሰምቼ ነው የፈጠንሁት» አልሁና አልፌያቸው ገባሁ።

የአራሷ ክፍል ክፍል አይደለም፣ ምድጃ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ስንጥቁ ሳይቀር በጨርቅ ተወትፏል። መሐል ላይ የከሰል ማንደጃ ይፋጃል። እዚያ አገር ከሰል አይሰሰትም፤ ዛፉን የሚተክሉት ለከሰል ነው። ጣሪያው ሥር እንጀራ ቢሰቀል ይደርቅ ነበር። ልጄ አናቷ ላይ ቅቤ ተቆልሎ በግንባሯ ይንቆረቆራል፤ ትራሷ ሥር ለክፉ መንፈስ ማጭድ ተቀምጧል። ክፉ መንፈሱ እንኳ ያን ሙቀት ቢያይ ይቅርብኝ ብሎ ይመለሳል።

«እማዬ፣ ራሴን ያዞረኛል» አለችኝ።

«የምጥ ነው፣ ይለቃታል» አሉ አማቷ።

«የከሰል ነው» አልሁና ማንደጃውን በሁለት እጄ አንሥቼ ወደ ጓሮ አወጣሁት። አንቺ ዛሬ ነገ የምትወልጂ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ያዢ፦ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አይነድም። ብርድ አይገድልሽም፤ ደራርበሽ ትለብሻለሽ። የከሰል ጭስ ግን ሳትሰሚው ይወስድሻል። ጓሮው ውስጥ ማንደጃውን ሳስቀምጥ፣ በዚያው ሳምንት የወለደች ላም ጥጃዋን ስትልስ አየሁ። ጥጃው ጅራቱን እያወዛወዘ ይጠባል። በዚያ ግቢ ውስጥ ሰላም ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ተመልሼ ስገባ መስኮቱ እንደገና ተወትፏል። እሱን ከፍቼ ዞር ስል የልጄ አማት ጣታቸውን ቅቤ ውስጥ ነክረው የሕፃኑ አፍ ውስጥ ከተዋል።

«ምን እያደረጉት ነው?»

«አንጀቱን እያለሰለስሁለት።»

«የሁለት ቀን አንጀት መቼ ደረቀና!»

ልጄ አለቀሰች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ጡት በደንብ አልያዘም። ያዝ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ ይጮኻል፣ ደክሞት ይተኛል። «አዋላጇ ‹ከጡት በቀር ምንም አትስጪው፤ እስከ ዛሬ ማታ ካልጠባ ይዘሽው ነዪ› ብላኛለች» አለችኝ። ከንፈሩ ደረቅ ብሏል። ልጄ እሱን ስታይ የነበረው ዓይኗ ትዝ ሲለኝ እስካሁን ቀልዴ ይጠፋኛል፤ እኔ ደግሞ ቀልድ የሚጠፋኝ ሰው አይደለሁም።

«ቅቤውን እየላሰ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?» አሉ አማቷ።

«በቅቤ የተሞላ ሆድ ጡት ምን ያደርግለታል? ጠግቦ ነው የሚተኛው!»

ይባስ ብለው ቁራጭ ጨርቅ አነሡና የልጄን ጡት እየጨመቁ ያን ቢጫውን ወፍራሙን ወተት ጨርቁ ላይ ማፍሰስ ጀመሩ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«እንገሩ ነዋ! ያደረ ነው፤ ለሕፃን ሆድ ይከብዳል። ነጩ ሲመጣ ይጠባል።»

«አዋላጇ እንዳይደፋ ብላ ነበር» አለች ልጄ በቀጭን ድምፅ። «በሽታ ይከላከልለታል ብላ።»

«አዋላጇ ስንት ወልዳለች?»

«ገና አላገባችም።»

«እኔ ስምንት ወልጃለሁ።»

«መውለድ ካሳወቀማ ድመትዎ ፕሮፌሰር በሆነች» አልሁ።

ከዚህ በኋላ በመካከላችን የቀረው ሰላም አንድ ብቻ ነው፦ «እርስዎ» መባባላችን።

እኔም በበኩሌ ሕፃኑን ተቀብዬ፣ አናቱን ይዤ ወደ ጡቷ ገፋሁት። ወደ ኋላ ተለጥጦ ጮኸ። ደግሜ ገፋሁት። የባሰ ጮኸ። ጩኸቱ ዘንገና ሐይቅ ላይ ሞገድ ሳያስነሣ አልቀረም። የልጄ አማት ክንዳቸውን አጣጥፈው ያያሉ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ብትሸጪው ቆርቆሮ ቤት ይሠራል።

በዚህ መሐል ጠያቂ መጣ። ጠያቂ አልሁ? የቅዳሜ ገበያ ነው የመጣው። አንዷ አፍንጫዋን እየናፈጠች ጉንጩን ልትስም ትጎነበሳለች። አንዷ ስልኳን ደቅና «ዓይኑን ግለጡልኝ፣ ፎቶ ላንሣው» ትላለች። አንዷ ልጄን «ወተት የለሽም መሰል፤ እናትሽም ደረቅ ናት» ትላታለች፣ እኔው ፊት። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ ሰላም አልልም።

ቀጣዮቹን በር ላይ ያዝኋቸው። በአገራችን ከፀሐይ የመጣ ሰው ሳይበርድለት አራስ ቤት አይገባም፤ ጥላው ይከብዳል ይባላል። እኔ ይህን ሕግ አጠበቅሁት።

«ቁጭ በሉ። ከፀሐይ መጥታችሁ አትገቡም።»

«የምን ፀሐይ? ዝናብ እኮ ነው!» አለች አንዲት ፎጣ የተከናነበች።

«ከደመናው በላይ የለችም? እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጥላውን የሚያስለቅቀው ሳሙና ነው። ጉንፋን የያዘው ከደጅ ይመርቅ። ሕፃኑን የሚስም አፉ ይጣመማል።»

የመጨረሻዋን የፈጠርኋት እኔ ነኝ። ሠራች። አፍንጫዋን የምትናፈጠው ሴት ከንፈሯን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ከዚያ ጓሮ የሕፃኑን ጨርቅ ሲያጥብ የነበረውን የልጄን ባል ጠራሁና «በጨርቅ አጠባው በርታ፤ ከዚያ በፊት ግን ሂድና መቀርቀሪያ ገዝተህ እዚህ በር ላይ ከውስጥ ግጠም» አልሁት። በሐሳቤ እኔና ልጄ ከውስጥ፣ አማቷ ከውጭ ነበርን። ምስኪን፣ እናቱን ሊዘጋባት መሆኑን ሳያውቅ መዶሻ ይዞ መጣ።

እየመሸ ሄደ። ልጁ አልጠባም። የልጄ አማት ጨርቃቸውን እንደገና አነሡ። እንገሩን ለመጭመቅ ሲጠጉ እጃቸውን ያዝሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጓሮ ያለችው ላም ስትወልድ እንገሯን ደፉት?»

«ምን አሉ?»

«ለጥጃው ከለከሉት ወይ?»

«አብጃለሁ? ጥጃ እንገር ሳይጠባ መቼ ይቆማል? ልፍስፍስ ብሎ ይቀራል እንጂ!»

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ፊታቸው ጠቆረ።

«የልጅ ልጄን ከጥጃ ታወዳድሪዋለሽ?» አሉ። «እርስዎ» ተሰበረ።

«አላወዳድርም። ጥጃው ይሻላል፤ አያት የለውም» አልሁ።

ጨርቁን መሬት ላይ ወርውረው በሩን ወለል አድርገው ወጡ። የልጄ ባል መዶሻውን እንደያዘ ከግድግዳው ጋር ተለጠፈ። ልጄ ፎጣዋን እየሳበች «እማዬ፣ በቃ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለች። ባጃጅ እንዲጠራ ላክሁት።

እሱ ሳይመለስ ግን ሴትዮዋ ተመለሱ። እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ የበረት ሽታ ሽተዋል። በር ላይ ቆሜ ሳሙናውን ዘረጋሁላቸው። እንዲህ ያለ አስተያየት ካዩኝ ወዲህ ጨረቃ ስትጨልም አይገርመኝም። ታጠቡ። ከዚያ በክርናቸው ገፉኝ።

«ዞር በይ ከዚያ። አናቱን የምትገፊው በር ነው? ጥጃም ከኋላው ከገፉት ወደ ኋላ ነው የሚሄድ። አንቺ የሱቅ ሰው፣ ከብት የት ታውቂያለሽ!»

ልጄን ከጀርባዋ በትራስ ደገፉና ዘና ብላ እንድትቀመጥ አደረጓት። ሕፃኑን ሆዱን ከሆዷ አስጠጉት፤ አናቱን ሳይነኩ አንገቱንና ትከሻውን ብቻ በመዳፋቸው ያዙ። ከዚያ ያንኑ ቀኑን ሙሉ ሲደፉት የዋሉትን እንገር አንድ ጠብታ ጨምቀው ላይኛው ከንፈሩ ላይ ቀቡት። ጠበቁ። ሕፃኑ ከንፈሩን ላሰ። ጠበቁ። እኔ «አሁን!» ስል «ዝም በይ!» አሉኝ። አፉን እንደ ወፍ ጫጩት በሰፊው ሲከፍት ጡቱን ወደ እሱ ሳይሆን እሱን ወደ ጡቱ አመጡት፤ አገጩ ቀድሞ ገባ። የያዘው ጫፉን ብቻ አይደለም፣ ጥቁሩንም ጨምሮ ነው።

ጉንጩ ተንቀሳቀሰ።

ይህን የምጽፈው እሳቸው ስለማያነቡ ነው፤ የሚያነብላቸው ካለም ይህችን አንቀጽ ይዝለል።

«ያዘ!» ብዬ ጮኽሁ።

«አትጩኺ!» ብለው ጮኹ።

«ትራሱን ከፍ ያድርጉት!»

«ትራሱን ተይው! ነጠላውን ከዓይኑ ላይ አንሺ!»

«ሌላኛውንም ጡት ይስጡት እንጂ!»

«ይህን ሳይጨርስ? የዳንግላ ብልሃት!»

ሕፃኑ በድንጋጤ ለቀቀና አለቀሰ። ልጄ፣ ያቺ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለዝንብ እንኳ ይቅርታ የምትጠይቅ ልጄ፣ ሁለታችንንም አየችን።

«ውጡ» አለች።

«እኔ እናትሽ?»

«እማዬም፣ እማማም፣ ሁለታችሁም ውጡ።»

ወጣን። ከኋላችን አዲሱ መቀርቀሪያ ቀጭ አለ። የመረጥሁት እኔ ስለሆንሁ ጥሩ መቀርቀሪያ ነበር፤ በሬ ቢገፋው አይከፈትም።

በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል። ባጃጁ ግቢው በር ላይ መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። የልጄ ባል «እንሂድ ወይስ?» ብሎ ሁለታችንን እያፈራረቀ ያያል። ሁለታችንም ጆሯችንን በሩ ላይ ለጥፈናል፤ እኔ ከላይ፣ አጭር ስለሆኑ እሳቸው ከታች።

ለቅሶው ቆመ።

«ተኛ እንዴ?» አልሁ።

«ዝም በይ፣ ልስማበት።»

ብዙ ቆየን። ከዚያ መጣ፤ ትንሽ፣ እርጥብ፣ ችኩል የመዋጥ ድምፅ፤ ቆም ይላል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይውጣል።

«እየዋጠ ነው» አለች የልጄ አማት፤ አንቱታው ከእኔም በኩል እዚያው በር ላይ ቀረ።

«እሰማለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«በእኛ ወጥቶ ነው፤ ሲጀምር አይቻልም።»

«ሆዳምነቱ በማን እንደሆነማ ቤቱን እንዳየሁ አውቄያለሁ።»

የልጄን ባል ባጃጁን መልሰው አልነው፤ ሁለታችንም በአንድ ቃል ተናግረን፣ በአንድ ቃል መናገራችን አናደደን።

ከውስጥ ልጄ «እሰማችኋለሁ! ከበሩ ራቁ!» አለች። እኩል ወደ ኋላ ዘለልን። ቀድማ ተመልሳ ጆሮዋን የለጠፈችው ግን አማቷ ናት። እኔ ሁለተኛ ነኝ፤ ያውም እግሬን ረግጣኝ ነው።