«ሐረጎን አብረኸን ውረድ» አልኩት

ይህ የደረሰብኝ በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ያ መካኒክ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ልጄ ሰይድ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ፊት ለፊታችን ቢጫ መብራት በራ፤ ወዲያው ሞተሩ ጸጥ አለ። ፍሬኑ ድንጋይ ሆነ፣ መሪው አልታዘዝ አለ። ተሳፋሪው «ያ አላህ!»፣ «ማርያም ድረሽ!» እያለ ይጮኻል። ሰይድ እንደምንም ታግሎ መኪናዋን ከተራራው ጋር እያፋተገ አቆማት። የሞተ ሰው የለም። እኔ ግን ስወርድ አስፋልቱ ላይ ተዘረፈጥኩ።

ሞተሩ ሲበርድ ተነሣ። በማግስቱ ሰይድ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ጋራዥ ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኩት። መካኒኩ ትንሽ መሣሪያ መሪው ሥር ሰክቶ ቁጥር አነበበ፣ ነካ ነካ አደረገ፣ ቢጫው መብራት ጠፋ።

«የብልሽቱን ኮድ አጥፍቼዋለሁ፤ በቃ ንዳ!» አለው። የሞተሩን ኮፈን እንኳ አልከፈተም።

«መብራቱስ ጠፋ፤ በሽታውስ?» አልኩት።

«ማዘር፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው፤ የሽሮ ድስት አይደለም» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ሰይድም አፍሮ «እማዬ፣ ተይው በቃ» አለኝ።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ኮምፒውተር አላውቅም፤ ሐረጎን ግን አውቀዋለሁ። የሚኒባሱን በር ከፈትኩለት።

«በል ግባ! ከተሠራች ሐረጎን አብረኸን ውረድ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«ወላሂ፣ አንተ ሳትገባ ይቺ መኪና አትንቀሳቀስም! የኔ ልጅ ነፍስ ካንተ ነፍስ ይረክሳል?»

ሰደበኝ፤ ሰደብኩት። ሄጄ ጎማው ፊት ቁጭ አልኩ። መንገደኛው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ «ምን አጠፋች? ከሠራሃት ግባ እንጂ!» አሉት። ፊቱ ጠቆረ። አልገባም። ኮፈኑን ከፈተ።

ብዙ ቆየ። ቀና ሲል እኔን ሳያይ ለሰይድ ብቻ «የሞተሩ ሴንሰር ሽቦ ተልጧል። ብረት ሲነካ ነው ሞተሩን የሚያጠፋው» አለው። ቀየረው።

«አሁንስ?» አልኩት፣ በሩን እንደያዝኩ።

ገባ። ሰይድ ቁልቁለቱን ይዞን ወረደ። ኩርባው ላይ መካኒኩ የወንበሩን ብረት በሁለት እጁ ጨምድዶ ሲይዝ አየሁት።

ሲወርድ አላመሰገንኩትም፤ እሱም ይቅርታ አላለኝም። ሰይድ ዛሬም በዚያው መንገድ ይሠራል፤ ደውሎ «ደርሻለሁ» እስኪለኝ እህል አይወርድልኝም። መካኒኩን ደሴ ፒያሳ ካየሁት መንገድ እቀይራለሁ። «መጨረሻ ላይ ሠርቶልሽ የለ፣ ይቅር በይው» ይሉኛል። ያቺ «በቃ ንዳ» ያላት ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።