ስሙ ብቻ የቀረ ድምፅ

ጉጠት ከእጇ ስለማይጠፋ ነው "ጉጠት" የሚሏት። ስልክ ጠጋኝ ናት። ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሱ ግን ጥገናውን ትቶ ከሷ ሱቅ ፊት ለፊት አዳዲስ ስልክ መሸጥ ከጀመረ ሰንብቷል።

አንድ ጠዋት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ እያለከለከች ገባች። "እባክሽ እህቴ፣ የእናቴን ድምፅ አውጪልኝ!"

እናቷ በሕመም ምላሷ ሳይተሳሰር በፊት ያወራችላትን ተረት ሁሉ ስልኳ ላይ ቀድታ ነበር። የተረቶቹ ስም ተደርድሮ ይታያል፤ ሲነኩት ግን እንኳን ድምፅ ትንፋሽም የለው።

ጉጠት ስልኩን ፈትታ በማጉያ አየችው። ድምፅና ምስል የሚያጠራቅመው ሜሞሪ ላይ ታትሞ የነበረው የመጠን ቁጥር ተፍቆ ሌላ ተጽፎበታል። ኮምፒዩተር ላይ ሰክታ ስትፈትሸው ደሟ ፈላ። "መቶ ሃያ ስምንት ጊጋ ነኝ" የሚለው ስልክ የያዘው አሥራ ስድስት ብቻ ነው። ሲሞላ "ሞላሁ" ብሎ አያቆምም፤ ከኢንተርኔት የሚወርደውን ሁሉ በአሮጌው ላይ ይጽፍበታል። ልጆቿ ያወረዱት ካርቱን የአያታቸውን ተረት በልቶታል።

"ከማን ገዛሽው?"

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። "ከወንድምሽ።"

ጉጠት ስልኩን እንደተፈታ ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ሱቁ በገዢ ተሞልቷል።

"ጋሼ፣ ይሄን ታውቅ ነበር?"

"ቀስ በይ፣ ሰው አለ።"

"ሰው ስላለማ ነው የምጠይቅህ! ታውቅ ነበር?"

"ሁሉም የሚሸጠው ይሄንኑ ነው። ማን ይሞላዋል ብዬ..."

"ሞላችዋ! በእናቷ ድምፅ ሞላችው! እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ እያልክ ያስተማርከኝ ለዚህ ነው?"

ገዢዎቹ ያነሱትን ስልክ እያስቀመጡ ወጡ። ወንድሟ ፊቱ ደም መስሎ "ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም" አለ።

"አይኑርህ!"

ሦስት ቀን ሙሉ ከሜሞሪው ጋር ታገለች። የተረፈው የአንድ ተረት ግማሽ ነበር፤ ያውም ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ ይቋረጣል። በማግስቱ በሯ ላይ "የስልካችሁን ሜሞሪ ትክክለኛ ልክ በነፃ እንፈትሻለን" ብላ ለጠፈች። ሰልፉ መንገዱን ዘጋ።

የጉጠት እናት ደውላ ተቆጣች። "የአንድ ማኅፀን ልጆች አደባባይ ላይ ትዋረዱ?"

"እማዬ፣ ያንቺን ድምፅ ቢያጠፋብኝስ ዝም በይ ትይኝ ነበር?"

እናት ስልኩን ዘጋችባት።

ወንድሟ ስልኮቹን ከመደርደሪያ አነሳ። ለልብስ ሰፊዋም አዲስ ስልክ በሰው ላከላት። እሷ ግን ካርቶኑን ሳትከፍት ይዛ ሄዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት።

"ስልክ አጣሁ ብዬ አለቀስኩ እንዴ?" አለችው።