ያለ ደላላ ልገዛው የነበረው ቤት

ትናንት ምሳ ላይ ልጄ ስልኩን እያሳየኝ፣ «አባዬ፣ ቤት አገኘሁ፤ በቀጥታ ከባለቤቱ ነው፤ ደላላ የለበትም» አለኝ። ምሳዬን ትቼ የድሮ ታሪኬን አወጋው ጀመር።

በንጉሡ ዘመን፣ ሐረር የተመደብኩ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ እጮኛ ነበረችኝ። አባቷ «ልጄን ለኪራይ ቤት አልድርም» ስላሉ፣ ለጥር ሠርግ እንዲደርስልኝ ቤት ፍለጋ ጀመርኩ። ደላላ አላምንም ነበርና፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ቤት ይሸጣሉ የተባሉትን ሐጂ ዩሱፍን ራሴ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ግድግዳው ነጭ፣ መደቡ ቀይ፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ቤት ነበር። ወደድኩት፤ በዋጋም ተስማማን።

ከዚያ ወዲያ ጥቅምትን ሙሉ፣ ከትምህርት ስወጣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ በጠባቡ መንገድ ቁልቁል ተመላለስኩ። ሐጂ ትኩስ ሳምቡሳና ሻይ በወተት ያቀርቡልኛል፤ ጫታቸውን እየቀነጠሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ሶፊ ስላለው እርሻቸው ያጫውቱኛል። ውሉን ሳነሳ፣ «ኢንሻአላህ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» ይሉኛል። ሳምቡሳው ሆዴን፣ «ኢንሻአላህ»ው ልቤን ያቃጥለኝ ጀመር።

ኅዳር ሲገባ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሐጂ፣ ይሸጡልኛል ወይስ አይሸጡልኝም?»

«እኔማ ሸጬልሃለሁ። ጎረቤቴ ምን አለ?»

«የትኛው ጎረቤት?»

«ወላሂ! ደላላህ አልጠየቀውም?»

«ደላላ የለኝም እኮ!»

«አንተ ልጅ፣ ያለ ደላላ ቤት ይገዛል እንዴ?»

እዚህ ላይ ማብራራት አለብኝ። ጀጎል ውስጥ አንድ ግድግዳ ሁለት ቤት ይሸከማል። ስለዚህ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ከባዕድ በፊት የመግዛት ቅድሚያ አለው። ሻጩ ራሱ ሄዶ ቢጠይቀው ግን «ግዛልኝ» ብሎ መለመን ይመስልበታል፤ ጎረቤቱም አቅም ካነሰው ፊት ለፊት ያፍራል። ይህን በመሀል ሆኖ የሚጠይቅ ደላላው ነው። ሐጂ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቁት የሌለ ደላላዬን ነበር!

በማግስቱ ጎረቤቱ ዘንድ ሄድኩ። አብዱላሂ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ነገሩን ስነግረው ከስፌት መኪናው ቀና አለ።

«መምህር፣ እንኳን ነገርከኝ። ቤቱን እኔ እወስደዋለሁ። ልጄን ልድር ነው፤ ሙሽራዋን የት ላስገባት?»

የራሴን ምክንያት መልሶ ለራሴ ነገረኝ። «ይሁንልህ» ብዬው ወጣሁ። እስከ ጥር ሌላ ቤት ለመፈለግ ጊዜ አልቀረምና ሠርጋችን ለከርሞ ተላለፈ፤ እጮኛዬም ዓመቱን ሙሉ ከአባቷ ቤት ሆና ጠበቀች።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «አባዬ፣ የእኔ እኮ ኮንዶሚኒየም ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሐጂ አላታለሉኝም፤ አብዱላሂም አልቀማኝም። አንዳቸው በድለውኝ ቢሆን ተቀይሜ፣ ከዚያም ይቅር ብዬ በረሳሁት ነበር። ይቅር የምለው ሰው በማጣቴ ይኸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።