ኑርያ ሥዕል ያየችበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማዬ፣ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሙዚየም ሊወስዱን ነው። ምሳ ትቋጥሪልኛለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ድንች ልልጥ ተቀምጬ ግን ቢላዋውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ኑርያ ትዝ አለችኝ።

ኑርያ የጎረቤታችን ልጅ፣ የልብ ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ ጋሽ ሸምሱ አጠና ተራ ባሕር ዛፍ ይሸጣሉ። እሷ ከትምህርት መልስ እዚያው ትውልና፣ ልጡ በተላጠው አጠና ላይ በከሰል ሰው ትሥላለች። ገዢ መጥቶ አጠናውን ይወስደዋል፤ ቤት ይሠራበታል፤ ጭቃ ይመረግበታል። በኮልፌ ስንቱ ግድግዳ ውስጥ የኑርያ ሰዎች እንደቆሙ እንጃ። እሷ ግን አይቆጫትም። «ሌላ እሥላለሁ» ትላለች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ ጋሽ ሸምሱ ሊድሯት ቃል ሰጡ። ብዙ ስትለምናቸው፣ «የሥዕሉን ትምህርት የሚሰጥሽ ካገኘሽ ሠርጉ ይቆያል። ካላገኘሽ ግን ሰው ፊት አታሳፍሪኝ» አሏት። ይህን የሰሙት የሥዕል መምህራችን አቶ ደምሴ፣ ክፍላችንን ከከተማው ማዶ ወዳለ፣ የአንድ ሟች ሠዓሊ መኖሪያ ወደነበረ ሙዚየም ሊወስዱን አውቶቡስ ለምነው አገኙ። «ሥዕሎችሽን ያዢ» አሏት። «እዚያ ወጣቶችን በነፃ ያስተምራሉ። ኃላፊዋን አነጋግርልሻለሁ።»

ጠዋት ከሰፈራችን፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ተነሣን። ግንቦት ነበር፤ ሰማዩ ከወዲሁ ዳምኗል። አውቶቡሱ ናፍጣና የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል፤ ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ ያጨበጭባሉ። ኑርያ የጠቀለለችውን ወረቀት ሰጠችኝና፣ «ያዢልኝ፤ እጄን አላበኝ» አለችኝ።

የግቢው አትክልት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። እንደዚያ የተከረከመ ሣር አይቼ አላውቅም ነበር። ጽጌረዳው በጥላው ሥር ረግፎ መሬቱን አልብሶታል። ኃላፊዋ ደግ ሴት ናቸው። የኑርያን ሥዕል ሳይቸኩሉ አንድ በአንድ አዩ። «እጅሽ የተባረከ ነው» ሲሏት ፊቷ በራ። ከዚያ ወደ መምህራችን ዞሩ።

«ማስተማሩን እኮ ካቆምን ቆየን» አሏቸው። «አስተማሪዎቹም ሄዱ። ቤቱንም ወራሾቹ ሊሸጡት ነው።»

አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «አልሰማሁም ነበር» ብቻ አሉ።

«ሌላ ቦታስ?» አለች ኑርያ።

«የሥዕል ትምህርት ቤቱ መስከረም የሚገቡትን መርጦ ጨርሷል። ለከርሞ ሞክሪ፣ የኔ ልጅ።»

ለኑርያ ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሌሎቹ ሣሩ ላይ ምሳ ሲከፍቱ እሷ ውስጥ ቀረች። ልጠራት ስገባ ከሥዕል ወደ ሥዕል ትሄዳለች፤ አንዱ ጋ ስትደርስ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች፣ እንዳትነካው የፈራች ይመስል። እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ወጥታ እናቷ የቋጠሩላትን ሳምቡሳ ለሁሉም አደለች። እሷ አልቀመሰችም።

ስንመለስ ዝናቡ ወረደ። መስኮቱ ያንጠባጥባል፤ ልጆቹ ደክሟቸው ተኝተዋል።

«ባልመጣ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «ሳላየው ብቀር ምን እንደቀረብኝ አላውቅም ነበር።»

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ጋሽ ሸምሱን ልትለምን ሄደች። «ቃል ነው» አሏት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሠርጓ ዕለት ጓሮ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። ኑርያ ሳንሱሲ የሚባል ሰፈር ተድራ ገባች፤ ወለደች፤ ከባሏ ጋር ሱቅ ቆመች። ለአንድ ዒድ የቀለም እርሳስ ይዤላት ሄድኩ። አመሰገነችኝና እዚያው ለልጆቿ አከፋፈለችው።

ትናንት ልጠይቃት ሄድኩ። ጉልበቷን ያማታል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። የልጅ ልጄ ሙዚየም ሄዳ እንደነበር ነገርኳትና፣ «ያ የእኛ ቀን ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«የቱ ቀን?» አለችኝ።

አውቶቡሱን፣ አትክልቱን፣ ሴትዮዋን ሁሉ ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። «እንጃ እቴ፤ እኔ ሙዚየም ሄጄ የማውቅ አይመስለኝም» አለችና ሻዩን ቀዳችልኝ።

እውነት ረስታው ይሁን ላታነሣው ፈልጋ አላወቅሁም። የትኛው እንደሚሻልም አላውቅም። ያን ቀን አሁን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ። ቀኑ ደግሞ የእኔ አልነበረም።