«ልጅቷ ፕሮሰስ ላይ ናት»

እኛ ውጫሌ ውስጥ «አይሆንም» ማለት ነውር ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ፈረንጅ «ፕሮሰስ» የምትባል ቃል ላከልንና ተገላገልን። የቧንቧው ውኃ ፕሮሰስ ላይ ነው ከተባልክ፣ ጀሪካንህን ይዘህ ወንዝ ውረድ ማለት ነው። መታወቂያህ ፕሮሰስ ላይ ነው ከተባልክ ሠራተኛው ምሳ ወጥቷል፤ የትኛው ምሳ እንደሆነ አላህ ይወቀው። ጎረቤታችን ከሚስቱ ተጣልቶ እናቱ ቤት ሲያድር «ነገሩስ እንዴት ሆነ?» ብንለው «ፕሮሰስ ላይ ነን» አለን። ሚስቱ እንኳ ጨርሳለች፤ ልብሱን በአጥር ላይ ወርውራለታለች።

ቃሉን ቤታችን ያስገባችው ግን ሪያድ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። «ለኢድ ትመጫለሽ ወይ?» ስንላት «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ትላለች። የጣሪያችን ቆርቆሮ ከእሷ መጣ፣ ፍሪጁ መጣ፣ የአባቴ ስልክ መጣ። እሷ ብቻ ናት ያልመጣችው።

ከዚያ የእኔም የሪያድ ጉዞ ፕሮሰስ ተጀመረ። አባቴ ፓስፖርት አስወጣልኝ፤ ደላላው ለሜዲካል ምርመራ ወሰደኝ። «አብሽሪ፣ እህትሽ አጠገብ ነው የምትሆኚው» አለኝ። ማሻአላህ! ለእሱ ሪያድ ማለት ከገበያው ጀርባ ያለው ሰፈር ነው። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ብጠየቅማ ሐይቅ ከተማ ዓሣ የሚያጠምድ ልጅ እንደምወድ፣ እሱን ማግባት እንጂ የሰው ቤት መጥረግ እንደማልፈልግ እናገር ነበር።

ልጁም ሽማግሌ ላከ። ጋቢ የደረቡ ሦስት አባቶች ከሐይቅ በሚኒባስ መጥተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እኔ እንደ ደንቡ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። አባቴ በዕድሜው ሽማግሌ አሳፍሮ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገና «አባቶቼ፣ ልጅቷ እኮ ፕሮሰስ ላይ ናት» አላቸው። አቤት መልስ! እምቢም አላለ፣ እሺም አላለ። በንዴት መጋረጃውን ልቦጭቀው ምንም አልቀረኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ግን የዋዛ ሰው አልነበሩም። ነገሩ በደንብ ገብቷቸዋል። ክርክር ውስጥ አልገቡም፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። እኛ አገር ዱዓ ሲደረግ አሚን የማይል ሰው የለም፤ የተጣላህ ሰው ቢያደርገውም አሚን ትላለህ። አባት ሽማግሌ ፊት አሚን ካለ ደግሞ ነገሩ አለቀ፣ መመለስ የለም።

«አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን!»

«አሚን!»

«ዝናቡን የራህመት ያድርግልን!»

«አሚን!» የአባቴ ድምፅ ከሁሉም ይበልጣል።

«ይህችን ልጅ ከልጃችን ጋር ያጣምርልን፤ ጎጆዋን እዚሁ አገሯ ላይ ያቁምላት!»

ጭጭ። የአባቴ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ያ ዝምታ ትንሽ ከቀጠለ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እንደሚሄዱ፣ እኔም አውሮፕላን ላይ እንደምወጣ ገባኝ። ፈራሁ፣ ወላሂ ፈራሁ።

«አሚን!» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ።

ሴት ልጅ ለራሷ ሽምግልና አሚን ስትል! ጉድ በል ውጫሌ! ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ «አሚን» አለ።

በማግስቱ እህቴ ጋ ደወልኩ። ከት ከት እያልኩ ሁሉንም ነገርኳት። አብራኝ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኳት።

«አለሁ» አለችኝ። «ለእኔም እኮ ያኔ፣ ወደዚህ ሳልመጣ፣ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ አታስታውሺውም። መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። መናገር እንደሚቻል ማን ነገረኝ?»