አጎቴና የፊልም ፍርዳቸው

አጎቴ ቡራዩ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ከተዘጋ በኋላም በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ የተሠሩትን አስፈሪ ፊልሞች ሳሎናቸው ውስጥ ያሳዩን ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ይነሱና ፍርድ ይሰጣሉ፤ «ጭራቁን ቶሎ አሳይተው አበላሹት!»

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ አንድ ቀን ከሰዓት ተኩስ ተሰማ። ልጃቸው ከተማሪዎቹ ጋር ወጥቶ አልተመለሰም፤ ስልክም አይሠራም። ሊፈልጉት ወጥተው መንገዱ ተዘግቶባቸው ተመለሱ። ከዚያ ካሴት ከተቱ።

«አጎቴ፣ አሁን እንዴት ፊልም ያያሉ?» አልኳቸው።

«የዚህን ፊልም መጨረሻ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ድምፁን ግን አጥፍተውት ነበር፤ ጆሯቸው በሩ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ተንኳኳ። ልጃቸው አንድ ጫማውን ጥሎ፣ አቧራ ለብሶ ቆሟል።

«አባ፣ ይቅርታ» አለ።

«ኮቱ ልጄ፣ ና ግባ» ብለው አቅፈውት አለቀሱ። ያን ቀን ፍርድ አልሰጡም።

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሆናቸው። ትናንት ከልጃቸው ጋር አንድ የድሮ ፊልም አየን። ሲያልቅ ተነስቶ ፍርድ የሚሰጥ አልነበረም።

«እንዴት ነበር?» አለኝ ልጃቸው።

ለካ እኔ እስከ ዛሬ የምወደው ፊልሙን አልነበረም፤ እሳቸው ስለ ፊልሙ ሲያወሩ መስማት ነበር።