ኪሳራ የሌለው ዱዓ

በፈጣሪ የማምነው እንደ ብልህ ሰው ነው። ካለ አተርፋለሁ፤ ከሌለ ደግሞ ምንም አልከስርም። ይህን ሒሳቤን ያልሰማ የሸዋ ሮቢት ሰው ካለ፣ ከእኔ ጋር ባጃጅ ተሳፍሮ የማያውቅ ብቻ ነው።

ዘንድሮ በእኛ በቀወት ክረምቱ ቀድሞ ወጣና ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ይጠወልግ ጀመር። የሰፈሩ ሰው ለዝናብ ዱዓ ሊያደርግ ወደ ሜዳ ሲወጣ ጎረቤቴ ጋሼ ሰይድ ደጄ ላይ ቆም አሉ።

«አትመጣም?»

«እመጣለሁ እንጂ! ምን እከስራለሁ ብለው ነው?»

ለቅሜ ግቢዬ ውስጥ ያሰጣሁትን የማሾ ጥራጥሬ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

ሜዳው ላይ ሰዉ እንደ ዝናብ ዱዓ ወግ ጋቢውን ገልብጦ ሲለብስ እኔም ጃኬቴን ገለበጥኩ። «አሚን» ስል ድምፄ ከኢማሙም ይበልጥ ነበር። በነጻ ነገር ላይ ለምን ልቆጥብ?

ዱዓው ሳያልቅ ደመናው ከተራራው ወረደ። ከዚያማ ዝናቡን አትጠይቁኝ! ሮጬ ቤት ስደርስ የዓመት ልፋቴ በጎርፍ ተጠርጎ ወደ መንገድ እየወጣ ነው። ከአጥሩ ማዶ የተሰጣው የጋሼ ሰይድ ማሾ ግን ሸራ ለብሶ፣ ጠርዙ በድንጋይ ተጭኖ፣ ጠብታ ሳይነካው ተቀምጧል።

«ጋሼ ሰይድ፣ መቼ ሸፈኑት?» አልኳቸው፣ ጃኬቴ እንደተገለበጠ።

«ወደ ዱዓው ከመውጣቴ በፊት ነዋ።»

«ታዲያ ምነው ለእኔ ሳይነግሩኝ?»

ጋሼ ሰይድ ከልባቸው ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ ዝናብ ልንለምን እየሄድን፣ ይዘንባል ብዬ ልንገርህ?»